በ4 ወራቸው 1.5 ሳንቲሜትር ላይ የቆሙ የፕሌኮ ጫጩቶች

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ቤታቸው ያረቧቸው የብሪስልኖዝ ፕሌኮ ጫጩቶች አሏቸው። ፕሌኮ መስታወት ላይ በአፉ ተለጥፎ የሚውለው የደቡብ አሜሪካ አምባዛ ነው፤ ብሪስልኖዝ ደግሞ ወንዱ አፍንጫው ላይ ፂም የመሰለ ነገር የሚያወጣው ዓይነት። ከአንድ ጥንድ 80 ጫጩት ተገኘ። የሚኖሩት 60 ሊትር በሚይዝ አኳሪየም ውስጥ ነው። አሁን 4 ወር ሞልቷቸዋል። ስድስቱ 3.5 ሳንቲሜትር ደርሰዋል፤ የቀሩት 1.5 ሳንቲሜትር ላይ ቆመዋል። ምግባቸው ኪያርና በሁለት ቀን አንዴ የሚጣል የአልጌ ብስኩት ነው። ውኃው በየ15 ቀኑ 20 በመቶ ይቀየራል። "አንድም አልሞተብኝም፤ የታመመም አይመስልም። ዕድገት የሚያፋጥን መድኃኒት ወይም ቫይታሚን አለ? ወይስ ዘራቸው ድንክ ነው?" ይላሉ።

ዕድገት የሚያፋጥን መድኃኒት የለም። እንደዚያ ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጥ ካዩ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያስቀምጡት። ዘራቸው ነው ብዬም አላስብም። ጫጩቶችዎ ተርበዋል። የተራቡት ስለነፈጓቸው ሳይሆን ውኃው እንዳይቆሽሽ ስለሰጉላቸው ይመስለኛል። ይህ ጠንቃቃ ሰው ላይ ደጋግሞ የሚደርስ ነገር ነው። ግድ የለሽ ሰው ጋ ጫጩት ይሞታል፤ ጠንቃቃ ሰው ጋ ጫጩት ይቀነጭራል።

አለመሞታቸው አያጽናናዎት። ዓሣ ደመ ቀዝቃዛ ነው፤ ሰውነቱን ለማሞቅ የሚያወጣው ጉልበት ስለሌለ በጣም በትንሽ ምግብ ወራት ይቆያል። ሲርበው መጀመሪያ የሚያቆመው ማደጉን ነው። መሞት የሚመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ፕሌኮ ደግሞ በዚህ በኩል የለየለት ቻይ ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው "ሁሉም ቀንጭረዋል ወይስ ከፊሎቹ?" ብዬ ነው። ሁሉም እኩል አንሰው ከቀሩ ችግሩ ሁሉንም የሚነካ ነገር ነው ማለት ነው፤ ቅዝቃዜ፣ የውኃ ጥራት ወይም የምግቡ ዓይነት። ጥቂቶቹ አድገው ብዙዎቹ ከቀሩ ምግቡ ሁሉም ጋ እየደረሰ አይደለም። አንዳንዶቹ አከርካሪያቸው ከጎበጠ ወይም አካላቸው አጥሮ ከተኮማተረ ያኔ ስለ ዘር እናወራለን። የእርስዎ ሁለተኛው ነው። ስድስቱ ከዚያው ከአንድ ወላጅ ተወልደው፣ በዚያው ውኃ ውስጥ ኖረው አድገዋል። ስለዚህ ዘሩም ውኃውም ብቻቸውን ሊከሰሱ አይችሉም።

እስቲ አንድ ሂሳብ እንሥራ። የዓሣ ክብደት ከርዝመቱ ጋር እኩል አይሄድም፤ በርዝመቱ ኩብ ነው የሚያድገው። 3.5ን ለ1.5 ሲያካፍሉ 2.33 ይሆናል። ይህን ሦስት ጊዜ በራሱ ሲያባዙት 12.7 ይመጣል። ቅርፃቸው አንድ ከሆነ አንዱ ትልቅ የአንዱን ትንሽ 12 ጊዜ ከግማሽ ያህል ይመዝናል ማለት ነው። ስድስቱ አንድ ላይ ሲመዘኑ ደግሞ ከ74ቱ ትንንሾች ጋር ይተካከላሉ። ከጣሉት ብስኩት ውስጥ ለማን ስንት እንደደረሰ ይህ ቁጥር በደንብ ይናገራል።

እንዴት እንደሆነ ማየት ይፈልጋሉ? ማታ መብራቱን አጥፍተው ብስኩት ይጣሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በደብዛዛ የእጅ ባትሪ ይዩ። ብስኩቱ ላይ የተደፉት እነዚያው ስድስቱ ናቸው። ትንሹ ጠጋ ሲል ትልቁ በጎኑ ይገፋዋል፤ ጉንጩ ላይ ያሉትን ጥቃቅን እሾሆች ይነቀንቅበታል። ትንሹ ይመለስና መስታወት ላይ ይለጠፋል፤ ያን ለት ጦሙን ያድራል። ደም የለም፣ የተነከሰ ክንፍ የለም፤ ለዚህ ነው ማንም ልብ የማይለው። የሚገፋው ዓሣ ጉዳቱ የቀረበት ጉርሻ ብቻ አይደለም። ዘወትር ሲጨነቅ ኮርቲዞል የሚባለው ሆርሞን ከፍ ይልና የበላውንም ትንሽ ነገር ወደ ሥጋ እንዳይለውጥ ያደርገዋል።

ቀን ደግሞ ሆዳቸውን ይመልከቱ። ፕሌኮ ለዚህ የተመቸ ነው፤ መስታወት ላይ ሲለጠፍ የሆዱን ሥር ያሳይዎታል። የጠገበ ጫጩት ከአፉ ኋላ ጀምሮ እስከ ሆድ ክንፎቹ ድረስ ሞላ ብሎ ክብ ነው። ቆዳው ስስ ስለሆነ ተጠቅልሎ የተቀመጠው አንጀቱ ይታያል፤ ቅጠል ከበላ አረንጓዴ፣ ሌላ ከበላ ቡናማ። የተራበው ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ አንጀቱም ባዶና ነጣ ያለ ነው። ጭንቅላቱ ከአካሉ ጋር ሲተያይ ይተልቃል። ዓይኑ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ችግሩ ከፍቷል፤ እንደዚያ ያለውን ዛሬውኑ ለይተው ያውጡት።

አሁን ወደ ምግቡ። ኪያር 95 በመቶው ውኃ ነው። ዝኩኒም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ለማሟሟቂያ ጥሩ ነው፤ ጫጩት ግን በኪያር አያድግም። "ፕሌኮ አልጌ በል ነው፣ ቅጠል ብቻ ይበቃዋል" የሚለው ወሬ ብዙ ጫጩት አቀንጭሯል። በተፈጥሮ ፕሌኮ ድንጋይና እንጨት ላይ ሲፍቅ የሚውለው አልጌውን ብቻ አይደለም። ከአልጌው ጋር ባክቴሪያ፣ ጥቃቅን ትሎችና የነፍሳት ዕጮች አብረው ይገባሉ። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ይበላል። እርስዎ ጋ ያለው ጫጩት በሁለት ቀን አንዴ ተራው ከደረሰው ነው የሚበላው።

ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው። ትንንሾቹን በቀን ሦስት ጊዜ ይመግቡ፤ ትልቁን ድርሻ መብራት ከጠፋ በኋላ ይስጡ። መሠረቱ ወደ ታች የሚሰምጥ፣ ፕሮቲኑ ከ35 እስከ 40 በመቶ የሆነ ደቃቅ ምግብ ይሁን። በሳምንት ሦስት አራት ቀን በረዶ ሆኖ የሚሸጥ የአርቴሚያ ጫጩት ይጨምሩበት፤ አርቴሚያ ለዓሣ ምግብ የሚሆን ደቃቅ የጨው ውኃ ሽሪምፕ ነው። አርቴሚያውን ቤትዎ የሚፈለፍሉ ከሆነ እንደተፈለፈለ ይስጡት፤ ሰዓቱ ባለፈ ቁጥር ከእንቁላሉ ይዞት የወጣውን ስብ ራሱ ይጨርሰዋል። ቅጠሉ አይቋረጥ። ፈላ ባለ ውኃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ነክረው ያወጡት ስፒናች፣ ልጣጩ የተነሳ አተር ወይም ፎሶሊያ ከኪያር በእጅጉ ይሻላል። ከ24 ሰዓት በላይ ግን ገንዳው ውስጥ አያሳድሩት። አንድ የአኳሪየም እንጨት ካለ ይጨምሩ፤ ላዩ ላይ የሚበቅለውን ስስ ሽፋን ሲፍቁ ይውላሉ።

ምግቡን አንድ ቦታ አይጣሉት። ይኼ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ለውጧ ግን ትልቅ ነው። አንዱን ብስኩት ስድስት ቦታ ሰባብረው ጥግ ጥጉ ላይ ቢበትኑት አንድ ጉልበተኛ ሁሉንም ሊጠብቅ አይችልም።

ስለ ቫይታሚን ጠይቀዋል፤ የጠርሙሱን ይተዉትና የምግቡን ቆርቆሮ ይዩ። አብዛኛው ዓሣ ልክ እንደ ሰው ቫይታሚን ሲን በሰውነቱ መሥራት አይችልም። ከምግብ ካላገኘ ያንሳል፣ አከርካሪውም ይጣመማል። ይህ ቫይታሚን ደግሞ ሙቀትና አየር ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል። ከተከፈተ ዓመት ያለፈው፣ መብራቱ አናት ላይ ተቀምጦ ሲሞቅ የከረመ ምግብ ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። ትንሽ ትንሽ መጠን ይግዙ፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ።

ይህን ሁሉ ሲሰሙ "ውኃውስ?" ማለትዎ አይቀርም። ትክክል ነዎት። ምግቡን ጨምሮ የውኃ ቅየራውን እንደነበረ የሚተው ሰው ጫጩቱን ከመቀንጨር አውጥቶ ወደ ሞት ይወስደዋል። ሁለቱ አብረው ነው መጨመር ያለባቸው።

አሁን የሚያደርጉት ቅየራ ለምን እንደማይበቃ ልንገርዎት። የዓሣው ቆሻሻ መጀመሪያ አሞኒያ ይሆናል፤ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደቀለለው ናይትሬት ይለውጡታል። በ15 ቀን ውስጥ ናይትሬት በሊትር 20 ሚሊግራም ይጨምራል እንበል። እርስዎ ከውኃው ጋር የሚያወጡት ካለው አንድ አምስተኛውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከቅየራ ወደ ቅየራ እየተከማቸ ይሄድና ወደ 100 ይጠጋል። እዚያ የሚቆመው የ100 አንድ አምስተኛ 20 ስለሆነ ነው፤ የሚወጣውና የሚገባው የሚተካከለው ያኔ ነው። በየ15 ቀኑ ግማሹን ቢቀይሩ ከቅየራ በፊት ያለው መጠን 40 ላይ ይቆማል። በየሳምንቱ ግማሹን ቢቀይሩ 20 ገደማ ላይ። ለጫጩት እኔ የምፈልገው ከ20 ያልበለጠ ነው። አሞኒያና ናይትራይት ደግሞ ዜሮ መሆን አለባቸው፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ምግቡን ስናበዛ ቆሻሻውም ይበዛል። ስለዚህ ለእርስዎ የምለው በሳምንት ሁለት ጊዜ ከ40 እስከ 50 በመቶ ነው። የሚገባው ውኃ ሙቀቱ ይመጣጠን፤ ክሎሪኑ በማስወገጃ ይውጣለት። የወደቀውን ትራፊ በቱቦ ከወለሉ ይምጠጡት። ቱቦው አፍ ላይ ስስ ጨርቅ ይሰሩበት፤ ያለዚያ ባልዲ ውስጥ ጫጩት ሲለቅሙ ያመሻሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ነገ ጠዋት ተነስተው ግማሹን እንዳይቀይሩ! ለወራት ትንሽ ትንሽ ሲቀየር የከረመ ውኃ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ቁጥሩ ሲወርድ ውኃው አሲዳማ እየሆነ ነው። ከ6 በታች ሲሆን ቆሻሻውን የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች ይዳከማሉ፣ አሞኒያም መከማቸት ይጀምራል። ፒኤቹ ዝቅ ባለበት አብዛኛው አሞኒያ ጉዳቱ በቀለለ መልኩ ስለሚቀመጥ ዓሣው ይችለዋል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤቹ 7 ሲሆን መርዛማው ክፍል ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ፒኤቹ 8 ሲሆን ግን ወደ 5 በመቶ ያሻቅባል። እርስዎ ፒኤቹ ከፍ ያለ አዲስ ውኃ በአንዴ ሲያፈሱበት ያ ተኝቶ የነበረ አሞኒያ ይነቃል። "ውኃ ቀየርኩላቸውና አለቁ" የሚባለው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው። ስለዚህ መጀመሪያ ውኃውን ይመርምሩ። ከዚያ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ 10 በመቶ ይቀይሩ፤ የሁለቱ ውኃ ፒኤች ሲቀራረብ ወደ ትልቁ ቅየራ ይሂዱ። ምግቡንም በዚያው ፍጥነት ከፍ ያድርጉ።

ስለ ገንዳው ስፋት "ዓሣ በገንዳው ልክ ነው የሚያድገው" የሚል አባባል አለ። እንደዚያ አይደለም። መስታወቱ ዓሣውን አይለካውም። ትንሽ ገንዳ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ምግብ ላይ ያጋፋል፣ መሸሻ ያሳጣል፤ የሚያቀነጭረው ይህ ነው። ዓሦች ውኃው ውስጥ የሚለቁት ዕድገት የሚገታ ንጥረ ነገር አለ የሚሉም ብዙ ናቸው። ቢኖርም ባይኖርም የምናደርገው ያው ውኃ መቀየር ስለሆነ እኔ ክርክሩ ውስጥ አልገባም። ግን 80 ጫጩት በ60 ሊትር ማለት ለአንዱ አንድ ሊትር እንኳ አይደርሰውም። ሲወለዱ ይበቃቸው ነበር፤ አሁን አይበቃቸውም።

እንግዲህ መለየት የግድ ነው። ዓሣ በብዛት የሚያረቡ ሰዎች ጫጩት በመጠን መለየትን እንደ ዕለት ሥራ ነው የሚያዩት። በእርባታ ገንዳ የሚያድገው የአፍሪካ አምባዛ እንዲያውም ካልተለየ ትልቁ ትንሹን ይውጠዋል። ብሪስልኖዝ እርስ በርሱ አይበላላም፤ ስለዚህ ሰው ይዘናጋል። ስድስቱን ትልልቆች ወደ ሌላ ገንዳ ያዛውሩ። የቀሩትን በሁለት ይክፈሏቸው፤ ሻል ያሉት አንድ ላይ፣ በጣም የከሱት ለብቻ። ከወር በኋላ ደግመው ይዩ፤ ከትንንሾቹ መካከል አዲስ ጉልበተኛ ይወጣል። ትልልቆቹን ማስቀመጫ ከሌለዎት ቢያንስ ለእነሱ አዲስ ባለቤት ይፈልጉላቸው፤ 3.5 ሳንቲሜትር የደረሰ ጤነኛ ዓሣ ለመስጠት አይከብድም።

ሲያወጧቸው መረብ አይጠቀሙ። የጉንጫቸው እሾህ ከመረቡ ጋር ይጠላለፍና ሲያላቅቁት ይጎዳል። በብርጭቆ ወይም በትንሽ ሳህን ወደ ጥግ ገፋ አድርገው ይቅዷቸው።

ሙቀት ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ይሁን። ከ22 በታች በሕይወት ይኖራሉ፣ ምግብ ግን በደንብ አይፈጭላቸውም። ማሞቂያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይመኑ፤ ቴርሞሜትር ይጠቀሙ። አየር ፓምፕና ስፖንጅ ፊልተር ይኑር። ስፖንጁ ጫጩት አይስብም፤ ላዩ ላይ የሚለጠፈውን ትራፊም ይግጡታል። ሲያጥቡት ከገንዳው በወጣ ውኃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ይፈጃል።

ውኃዎ በጣም ለስላሳ ከሆነ፣ ለምሳሌ የተጣራ ወይም የዝናብ ውኃ ብቻ ከሆነ፣ ማዕድን ያስፈልገዋል። ፕሌኮ ሰውነቱ በአጥንት ጋሻ የተሸፈነ ነው፤ ካልሲየሙን ከምግብ ብቻ ሳይሆን በስንጥቡ በኩል ከውኃውም ይወስዳል።

ይህን ሁሉ አድርገው፣ በደንብ ሲበሉም እያዩአቸው፣ ከ5 እና 6 ሳምንት በኋላ ለውጥ ከሌለ ያኔ የሆድ ጥገኛን እንጠረጥራለን። ምልክቱ እየበሉ መክሳት፣ ነጭና እንደ ክር የተንጠለጠለ ዓይነ ምድር ነው። ከፊንጢጣ ብቅ የሚል ቀይ ክር ካዩ ካማላነስ የሚባለው ትል ነው፤ እሱ በሌቫሚዞል ይታከማል። ነጩን ክር የሚያመጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ በዓይን የማይታዩ ባለጅራፍ ጥገኛ ሕዋሳት ናቸው፤ ለእነሱ ሜትሮኒዳዞል ነው የሚሰጠው። ሁለቱ መድኃኒቶች አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ሳይለዩ "ለማንኛውም" ብሎ መጨመር የፊልተሩን ባክቴሪያ ሊያናጋና ያልነበረ ችግር ሊያመጣ ይችላል። የእርስዎን ጫጩቶች ከነገሩኝ ተነስቼ በትል አልጠረጥራቸውም።

ስለ ዘርም አንድ ነገር ልበል፤ ጥያቄዎ መሠረት የለሽ አይደለም። ወንድምና እህት እየተጋቡ ብዙ ትውልድ ከሄደ ጫጩቶቹ ይደክማሉ፣ የተጣመመ አካልም ይበዛል። አልቢኖና ረጅም ክንፍ ያላቸው ዝርያዎች ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል፤ መልካቸውን ለማቆየት ሲባል ከጠባብ ዘር ስለሚራቡ። ወላጆቹን ከአንድ ገንዳ አንድ ላይ ገዝተዋቸው ከሆነ ወንድምና እህት ሊሆኑ ይችላሉ። ለወደፊቱ ወንዱን ከሌላ ቦታ ይለውጡት። ይህ ግን ለሚቀጥለው ጫጩት ነው፤ ያሉትን አያሳድጋቸውም።

ይደርሱ ይሆን? ብዙዎቹ አዎ። ተርቦ የቆየ ዓሣ ምግብ ሲያገኝ ከወትሮው በፈጠነ ሁኔታ ያድጋል። በደህና ሁኔታ ብሪስልኖዝ በ2 እና 3 ወሩ 2.5 ሳንቲሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የጎለመሰው ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሳንቲሜትር። የእርስዎዎቹ በ4 ወራቸው ስለተደረሰባቸው ጥሩ ዕድል አላቸው። ዓመት ቢያልፋቸው እንዲህ ደፍሬ አልናገርም ነበር። በጣም የከሱት ጥቂቶቹ ግን ሙሉ ቁመታቸው ላይ ላይደርሱ ይችላሉ። ጤነኛ ሆነው ይኖራሉ፤ ለእርባታ ግን አያውሏቸው። ለሌላ ሰው ሲሰጡም ትክክለኛ ዕድሜያቸውን ይንገሩ።

ለውጡን በዓይን ግምት አይከታተሉ፤ ዓይን ያታልላል። መስታወቱ ላይ ከውጭ ማስመሪያ ይለጥፉ። አንዱ አጠገቡ ሲቆም በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ በየ15 ቀኑ ይድገሙት። ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ ሥር ይለኩ፤ የጅራቱን ክንፍ አይቁጠሩ። በወር ግማሽ ሳንቲሜትር ከጨመሩ መንገዱ ቀንቷል።

እና ወላጆቹ ገንዳ ውስጥ ያለውን ዋሻ ዛሬውኑ ያውጡት። ወንዱ ዋሻ እስካለው ድረስ በየወሩ ገደማ አዲስ እንቁላል ሊያስጥል ይችላል። እነዚህ 80ዎቹ ቦታ ሳይዙ ሌላ 80 ቢመጣብዎ የት ያስገቧቸዋል?